መምህርት፣ አውጥተን እንጣለው?

ባሕር ዳር ውስጥ «መኪናዬ ጉልበት አነሰው» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚሰማው ምክር አለ፦ «ካታላይዘሩ ነው፤ አውጥተን እንጣለው።» ካታላይዘር የሚሉት ጭስ ማውጫ ቱቦው ላይ ተገጥሞ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ዕቃ ነው። ምክሩ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አንዳንዴም ለጊዜው ይሠራል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የማይከራከረው። እኔ ግን ስከራከር ሰነበትኩ። መኪና ያለው ዘመድ ሁሉ እየደወለ «እንዴት ሆነ?» ስላለኝ፣ ለእያንዳንዱ ከመተረክ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

መካኒክ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ካንዴላ ከነመፍቻው ቢሰጡኝ የት እንደሚገባ አውቃለሁ እንጂ ምን ያህል እንደሚጠብቅ አላውቅም። ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ግን ይቺ ካታላይዘር የኔ ክፍለ ጊዜ ናት። ውስጧ የሚካሄደው ነገር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ እያዛጉ የሚማሩት ነው።

መኪናዋ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንጋራት የ2006 ሞዴል ኮሮላ ናት። ወንድሜ ለዘመድ ተዝካር ጎንደር ደርሶ ሲመለስ፣ አዲስ ዘመንን እንዳለፈ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የሞተር ምልክትም ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ወንድሜ ጠንቃቃ ሰው ነው። ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ውኃውን አየ፣ ዘይቱን መዘነ፣ ሙቀቱም መሀል ላይ ነው። «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ወረታንና ሐሙሲትን አልፎ ቤቱ ገባ። ከተማ ሲደርስ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ በርታ ቀረች፤ እሱም ተሻላት ብሎ ተደሰተ።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼን ይዤ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ላሳያቸው ወደ ቤዛዊት ወጣሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር የሚጨምረው ድምፁ ብቻ ነው። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ቀድሞን ወጣ። እንግዶቼ በትህትና መልክዓ ምድሩን ማድነቅ ቀጠሉ።

መኪናዋን የምንወስድላቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ከተማሩት ወገን ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው እኔን «መምህርት» ይሉኛል፤ አንዳንዴ በአክብሮት፣ አንዳንዴ ለማሾፍ። ስካነሩን ሰክተው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና፦

«ሁለት ኮድ አለ። ፒ0303፣ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት ይስታል። ፒ0420፣ ካታላይዘሩ አቅም የለውም። ጉሮሮዋ ታንቋል መምህርት። አውጥተን እንጣለው?»

«ማን አነቃት?»

«እንዴት ማን?»

«ካታላይዘር በራሱ አይዘጋማ ጋሼ። ዘጊ አለው።»

ረዳታቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጨርቅ አንስተው እጃቸውን እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ። «ይሄ ዕቃ እኮ ለፈረንጅ አገር የተሠራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እነሱ ጋ ሕግ ስላለ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?»

እዚህ የሚሠራውን ልንገራችሁ፤ ለጋሼም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።

ክረምት ሲገባ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ የአገሬ ሰው የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ሌላ ነገር የመሰለው አለ፤ አይደለም፣ ያው የከሰሉ ጋዝ ነው። ከሱ ጋር ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ይወጣል፤ ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው የሠሩት ናይትሮጅን ኦክሳይድም ይወጣል፣ ዓይን የሚያቃጥለውና ሳንባ የሚያስቆጣው እሱ ነው። ካታላይዘሩ ሦስቱንም ይይዛል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ደግሞ መልሶ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣል። በደንብ ከሞቀና ጤናማ ከሆነ ከሦስቱም ከዘጠና በመቶ በላይ ያጠፋል። እኛ የምንኖረው ሽምብጥ ነው፤ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት የምትሞቀው እናቴ ቡና በምትቆላበት ግቢ፣ የታጠበ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር ነው። ሕግ ይኑር አይኑር ጭሱ የሚገባው እኛው ቤት ነው።

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። መስማማት ይሁን መሰልቸት ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ግን አንድ ነገር ተስማሙ፦ ከመፍታታችን በፊት እውነት መዘጋቱን እንለካ።

ይህን ልኬታ ብዙ ጋራዥ ውስጥ አያደርጉትም፤ ከባድ ሆኖ ግን አይደለም። ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን) ይፈቱና በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ያስገባሉ። ሞተሩ ተነሥቶ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሲያዝ ጤናማ መኪና ላይ ግፊቱ ከ0.2 ባር ገደማ ማለፍ የለበትም። የኛዋ መርፌ ያንን አልፋ ሄደች፤ ዙሩን ይዘው በቆዩ ቁጥርም መውጣቷን አላቆመችም። መለኪያውን አውጥተው ቀዳዳውን ክፍት ትተው ሲሞክሩት ሞተሩ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ እንደ ልቡ ተነፈሰ። መዘጋቱ እርግጥ ሆነ። ጋሼ «ይኸው አላልኩም?» ብለው አዩኝ። ልክ ነበሩ፤ የተከራከርኩት በመዘጋቱ አልነበረም።

ማውለቁ በማግሥቱ ሆነ፤ ምክንያቱም ሥራ ላይ ያለ ካታላይዘር ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፣ ሞተር ከጠፋም በኋላ ቶሎ አይበርድም። በዚህ አጋጣሚ፦ ታኅሣሥ ላይ ፎገራ ወይም ደንቢያ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ መኪናችሁን የደረቀ ሣር ወይም ገለባ ላይ አታቁሙ። የመኪናው ሆድ ዝቅተኛ ነው፣ ይህ የጋለ ብረት ከሣሩ የሚርቀው በጣት ነው።

ጠዋት ሲደርሱ ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ረዳቱ ማታውኑ ደብልዩ ዲ 40 አጠጥቷቸው ነበር፤ ሁለቱ ታዘዙ፣ አንደኛው አንገቱ ላይ ተቆረጠ። እሱን በመሰርሰሪያ አወጡት። ሴንሰሩን ከመንካታቸው በፊት ሶኬቱን ነቀሉ፣ ገመዱ እንዳይጠመዘዝ። ቱቦው ከላስቲክ ማንጠልጠያዎቹ ሲላቀቅ ዕቃው እጃቸው ላይ ወደቀ። ሲያዩት ተራ የሆድ ዕቃ ነው፤ የተነፋ ቆርቆሮ። ጋሼ ሲነቀንቁት ውስጡ ተንኮሻኮሸ።

ወደ ብርሃን አወጣነውና በአንዱ ጫፍ አየሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው፣ ጭሱ የሚያልፍበት የሴራሚክ ጡብ ጤናማ ሲሆን ፊቱ ቁርጥ የማር እንጀራ ነው፤ ልዩነቱ ቀዳዳዎቹ አራት ማዕዘን መሆናቸውና ማነሳቸው ነው፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስድሳ ያህል ይገባሉ። ከኋላ በኩል እንዲያ ነበር። ከፊት በኩል ግን ግማሹ ቀልጦ፣ ተጣጥፎ፣ ብርጭቆ መስሎ ያብለጨልጫል። ቀዳዳዎቹ ጠፍተዋል። የሴራሚኩ ዓይነት ኮርዲየራይት ይባላል፤ እንዲቀልጥ ከ1400 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ይህን ያህል እሳት ከየት መጣ? ይህ ነበር የኔ ጥያቄ፤ ጋሼም አሁን ዝም ብለው ያዩት ጀመር።

ከሦስተኛው ሲሊንደር ነው የመጣው። የዚያ ሲሊንደር ኮይል፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ እንዲያወጣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ፣ ሞቷል። በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ አንዱ ሲሞት ሲሊንደሩ ቤንዚኑን ይረጫል፣ ይጨምቃል፣ እሳት ግን የለም፤ ስለዚህ ጥሬ ቤንዚን ከጥሬ አየር ጋር ወደ ጭስ ቱቦው ይተፋል። ያ ድብልቅ የጋለው ካታላይዘር ላይ ሲደርስ እዚያው ይቀጣጠላል። ሞተር ውስጥ መቃጠል የነበረበት ሁሉ ካታላይዘር ውስጥ ይቃጠላል። ከአዲስ ዘመን እስከ ባሕር ዳር የሆነው ይህ ነው።

ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራትም ስትናገር የነበረው ይህንኑ ነበር። ቢጫዋ የሞተር ምልክት ረግታ ስትበራ «ጊዜ ሲኖርህ አሳየኝ» ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ እሳት የሚስት ሲሊንደር አለ፣ መሳቱም ካታላይዘሩን ለማበላሸት በቂ ነው፤ ነዳጅ መርገጥህን ቀንስ፣ ቢቻልህ አቁም። ሙቀት መለኪያው የውኃውን ሙቀት እንጂ የካታላይዘሩን አያሳይም። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «ታዲያ ለምን በአማርኛ አይጽፉትም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚሁ ጋር ሁለት የጋራዥና የሠፈር ልማዶች አሉ። አንደኛው በግፊት ማስነሣት ነው። ባትሪ የደከመበት መኪና በጎረቤት ጉልበት ሲገፋ እንዴት ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ባትሪው ብቻ ከሆነና ወዲያው ከተነሣ ብዙም አይጎዳም። እሳት የሚስት መኪና ግን ዳገት ቁልቁለት ሲገፋ ቤንዚን ወደ ቱቦው ሲያጠራቅም ነው የሚውለው። ሁለተኛው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን ወይም ገመዱን አንድ በአንድ እየነቀሉ መስማት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ይሁን። ረዳቱ ነቅሎ ሻይ ሊጠጣ የሄደ እንደሆነ ግን ካታላይዘሩ እየተጠበሰ ነው።

የሞተር ዘይት ሌላው ገዳይ ነው፤ ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የካታላይዘሩን ገጽ ይሸፍነዋል። ባለ 1.8 ሞተር ኮሮላ ያላችሁ ልብ በሉ፦ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩት ሞተሮች ፒስተናቸው ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ስለሚያንሱ ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ አዲስ ካታላይዘር መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ መጀመሪያ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ፒስተኑ ይታያል። የኛ ዘይት አትበላም፤ ጋሼ ካንዴላዎቹን አውጥተው አሳዩኝ፣ ከሦስተኛው በቀር ሁሉም ደረቅና ግራጫ ነበሩ። ሦስተኛው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ይሸታል።

«ቤንዚኑ ነው መምህርት፣ የኛ ቤንዚን ነው የሚጨርሰው» አሉ ጋሼ፤ በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ይህ አባባል ድሮ እውነት ነበር። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ካታላይዘርን በጥቂት ነዳጅ ይመርዘዋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ አሜሪካ ውስጥ ይህን ዕቃ በ1950ዎቹ ሠርቶ ሳለ፣ በሰፊው መኪና ላይ የተገጠመው ግን እርሳስ የሌለው ቤንዚን ከመጣ በኋላ፣ በ1975 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አቁመዋል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን በ2021 አቆመች። ስለዚህ የማደያው ቤንዚን በዚህ አይከሰስም። ወረፋው ሲረዝም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ግን አልከራከርለትም። ላምባ ይግባበት ሌላ ነገር፣ ሻጩም አይምልም። ሞተሩ አልቀጣጠል ያለውን ሁሉ ካታላይዘሩ ነው የሚበላው።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልመለስ። «ካወጣሁት ወዲህ መኪናዬ በረረች» የሚል ሰው ሁሉ አይዋሽም። የተዘጋ ካታላይዘር ያወጣ ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጤናማውን ያወጣ ሰው ግን የሚያገኘው በጣም ትንሽ ነው፤ ድምፁ ስለጨመረ ጉልበቱ የጨመረ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሌላ ምስጢር አለ። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1800 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዱባይ ላይ የተነዳ መኪና እዚህ ሲደርስ የሚደክመው ለዚህ ነው። ምንም ቢወልቅ ምንም ቢቆረጥ ከፍታው አይወርድም። ያለ ጥፋቱ የተጣለ ስንት ጤነኛ ካታላይዘር አለ መሰላችሁ!

ተጣለ ማለቴ ግን ልክ አይደለም። የትም አይጣልም። ሴራሚኩ ላይ በስሱ የተቀባው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፤ አንድ መኪና ላይ ሲደመሩ ጥቂት ግራም ናቸው፣ ዋጋቸው ግን የጥቂት ግራም አይደለም። ሮዲየም በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ ይመጣል፣ ፓላዲየምን ሩሲያና ደቡብ አፍሪካ ይይዙታል። ፕላቲነም እኛም አገር አለ፤ ወለጋ ውስጥ ያለው ዩብዶ በፕላቲነሙ የታወቀ ነው፣ ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ። እንግዲህ «በነፃ አውጥቼ እጥልልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ በነፃ አይደለም። ከመኪናችሁ ሆድ ውድ ማዕድን እያወጣ ነው። ጋሼን አላማም፤ ዕቃውን በካርቶን ጠቅልለው በእጄ ሰጡኝ። ገና ከጋራዡ በር ሳልወጣ ግን አንድ ቁራሌ «እትዬ፣ ያ ነገር ይሸጣል?» አለኝ። ከየት እንዳየው እንጃ።

ሻጩም ገዢውም ልብ የማይሉት ነገር አለ። ይህን ጡብ በመሮና በመዶሻ ፈልፍለው የሚያወጡ ልጆች አሉ፤ አቧራው ደቃቅ ሴራሚክ ነው፣ ጡቡንና ቆርቆሮውን የሚለየው ምንጣፍም የሴራሚክ ጭረት ነው። ሁለቱም ሳንባ ውስጥ ገብተው የሚቀመጡ እንጂ የሚወጡ አይደሉም። ቢያንስ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፣ ውኃ እየረጩ ይሥሩ።

አዲስ ዕቃ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከሚሠራ የአጎቴ ልጅ እስክናገኝ ድረስ መኪናዋ መቆም አልቻለችም፤ እናቴን ሐኪም ቤት የምናመላልሳት በሷ ነው። ጋሼ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ በየዱ። ይህን ጊዜ ነው የእህቴ ልጅ ከኛ ሁሉ በላይ የተደሰተው። «አክስቴ፣ እንዲህ ትቅር! ድምፁን ስሚው!» ሠፈሩ ሁሉ ሰማው። መብራቷ አለመጥፋቷን ስነግረው ለሱም መላ አምጥቶ ነበር፦ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን ሴንሰር አጭር ቱቦ ላይ ሰቅሎ ከጭሱ ማራቅ። ኮምፒውተሩ ይታለላል፣ ኮዱም ይጠፋል ይላል። እውነቱን ነው፣ አንዳንዴ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን መልእክቱ ነው፤ ጭሱ እንዳለ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ካታላይዘር ቢሞት ማን ይነግረኛል?

እነዚያን ቀናት ግቢው ውስጥ የተለየ ነገር ነበር። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ የጥሬ ቤንዚን ሽታ የቡናውን ጢስ ይበልጠዋል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። እናቴ ስለ ኬሚስትሪ ምንም ሳትሰማ «ይቺን መኪና ከበሩ ውጭ አሙቋት፣ ምን በልታ ነው እንዲህ የምትሸተው?» አለች። ጤናማውም ካታላይዘር ቢሆን ለመሥራት ወደ 250 ወይም 300 ዲግሪ መድረስ ስላለበት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭስ ሁልጊዜም መጥፎ ነው፤ ከሽምብጥ እስከ ትምህርት ቤቴ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነም በደንብ ሳይሞቅ የምደርስበት ቀን አለ። የእናቴን ትእዛዝ ዕቃው ከተገጠመ በኋላም አልሻርነውም።

ያገለገለ ካታላይዘር ልትገዙ ከሆነ ይህን አንብቡ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌዎች ይዘን የምንቆይ ስለሆነ የዚህ ገበያ ደንበኞች እየበዛን ነው የምንሄደው። ዋጋ እንዳትጠይቁኝ፤ ዛሬ ብጽፈው ለነገ አይሆንም።

ዕቃውን መጀመሪያ ነቅንቁት፣ ምንም መንኮሻኮሽ የለበትም። በአንዱ ጫፍ የስልክ መብራት አብሩበትና በሌላው እዩ፤ ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ ብርሃኑ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሁሉ እኩል ማለፍ አለበት። ከናካቴው ምንም ሳይከለክለው እንደ በር ቦግ ካለ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆርቆሮውን ነው የሸጡላችሁ። ይህ የምር ይሆናል፦ ሆዱን በብረት መቁረጫ ፍሌክስ ሰንጥቀው ጡቡን ያወጡና መልሰው ይበይዱታል። ስለዚህ የፋብሪካውን ብየዳና የሠፈር ብየዳ ለዩ፤ የፋብሪካው ቀጭንና እኩል ነው። የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ ካያችሁ ተዉት። ጥቁርና ዘይታም ከሆነ ዘይት ከሚበላ ሞተር የወጣ ነው፤ እሱንም ተዉት። የአጎቴ ልጅ ሦስት የሚሆኑ አይቶ ሁለቱን የመለሰው በዚህ ነው፤ አንዱ ባዶ ነበር፣ ሻጩም ሲያዝበት አልደነገጠም። አዲስ ነገር ግን ርካሽ የሆነ ካገኛችሁ ደግሞ፣ ርካሽ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ የተቀባው ማዕድን ስላነሰ መሆኑን አውቃችሁ ግዙ።

ከሁሉ በፊት ግን በሽታው ይታከም። እኛ መጀመሪያ ኮይሉን ለወጥን፣ አራቱንም ካንዴላ ለወጥን፣ ጥቂት ቀን በቀጥታው ቱቦ ነድተን ፒ0303 ተመልሶ አለመምጣቱን አየን፤ ካታላይዘሩ የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። የኮይሉ ዋጋ ከካታላይዘሩ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። ጋሼ መጋጠሚያዎቹ ላይ አዲስ ጋርኒሲዮን (ጭስ እንዳያሾልክ የሚያሽገውን) አድርገው፣ ብሎኖቹን በአዲስ ቀይረው አሠሩት። ከመጋጠሚያው ጭስ የሚያሾልክ ከሆነ ሴንሰሩ የውጭ አየር እያነበበ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ሞተሩን አስነሥተው እጃቸውን ዙሪያውን እያዞሩ ፈተሹ።

ከተገጠመ በኋላ ኮዱን አጥፍቶ መሸኘት ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ መኪናው በተለያየ ፍጥነት ትንሽ መነዳት አለበት፤ እኛ እስከ ሐሙሲት ደርሰን ተመለስን። ከዚያ ስካነሩን ሰክታችሁ ሁለቱን ሴንሰሮች ጎን ለጎን እዩ። የፊተኛው ከሞተሩ ጋር እየተከታተለ መለዋወጡ ጤና ነው። የኋለኛው ግን ሞተሩ ሞቆ ዙሩ እኩል ሲያዝ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ መቆም አለበት፤ ላይ ታች የሚዘል ከሆነ የገዛችሁት አይሠራም ማለት ነው። የኛው ረግቷል። ስካነር ያለው ጋራዥ ይህን በአምስት ደቂቃ ያሳያችኋል፤ ሳታዩ ሒሳብ አትክፈሉ።